ዱላ ቅብብል በውድቅት ሌሊት

በአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት፣ ከቱሳን ከተማ በስተሰሜን፣ ኦራክል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ዊሎው ስፕሪንግስ የተሰኘ ሰፊ የከብት እርባታ መሬት አለ። ቁልቋል የሞላበት በረሃ ነው። የካቲት ሲገባ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንኳን ይተክሉበታል። «ትዌንቲ ፎር አወርስ ኢን ዚ ኦልድ ፑዌብሎ» የሚባለው የ24 ሰዓት የተራራ ብስክሌት ውድድር የሚካሄደው እዚህ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተወዳዳሪዎች በእግራቸው ሮጠው ብስክሌታቸው ላይ ይወጣሉ። እሑድ በዚያው ሰዓት ውድድሩ ያበቃል። አንዱ ዙር 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ዙር የሠራ ያሸንፋል። ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ የሚነዳ አለ። አብዛኛው ግን አራት ወይም አምስት ሆኖ በቡድን ይመጣል። ዙሩን የጨረሰው ወደ መቀባበያው ድንኳን ይገባና ትንሿን ዱላ ለተረኛው ያስረክባል፤ ተረኛውም ወዲያው ወደ ጨለማው ይወጣል።

ይህ ዓይነቱ ውድድር የተጀመረው በ1992 እ.ኤ.አ. በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በኬናን ሲሆን ያዘጋጀው ሌይርድ ናይት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በስኮትላንድ በጥር ወር የሚደረገው «ስትራትፐፈር» ከ24ቱ ሰዓት 17 ያህሉ ጨለማ በመሆኑ ይታወቃል።

አራት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ አንዱ ሰው በአማካይ የሚነዳው 6 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 18 ሰዓት የእረፍት ነው። ጉልበታቸው የተቀራረበ ቡድኖች የሚለያዩት ደግሞ በዚህ በ18ቱ ሰዓት አጠቃቀም ነው። ማን መቼ ይተኛል? ምን ይበላል? መቼ ይቀሰቀሳል? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ስለ ሰው አካል የሚታወቀውን መመልከት ይጠቅማል።

ሌሊቱ የሚከብድበት ሰዓት

አንጎላችን ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥር የሕዋሳት ስብስብ አለ። የሰውነት ሙቀት፣ የሆርሞን መጠንና ንቃት ከፍና ዝቅ የሚሉት በዚህ ሰዓት ቆጣሪ ትእዛዝ ነው። ሕዋሳት ጊዜን የሚቆጥሩበትን የዘረመል ሥርዓት የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የውስጥ ሙቀታችን ከፍ የሚለው አመሻሽ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ጡንቻ ይበረታል፣ ምላሽም ይፈጥናል። ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን መመንጨት ይጀምራል፤ ሙቀቱም እየቀነሰ ሄዶ ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሁሉም ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ አይበልጥም፤ ሆኖም ያን ሰዓት ፔዳል ላይ ያሳለፈ ሁሉ ክብደቱን ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ሳይተኙ የመቆየት ጫና ይደረባል። በ1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ ንጽጽሩ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት መኪና ከመንዳት የሚያስከለክለው 0.08 በመቶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የነቃ ብስክሌተኛ የመጀመሪያውን መጠን የሚደርስበት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ገና ግማሽ ሌሊት እንኳ ሳይሆን።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው የቡድን መሪዎች የአባሎቻቸውን ጠባይ አስቀድመው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው አምሺ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ የሚነሳ ማላጅ ነው። ልዩነቱ ከፊሉ በዘር የሚወረስ ነው። አምሺውን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማላጁን ወደ ንጋት ማሰለፍ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ብልሃት ነው።

አጭር እንቅልፍ፣ ረጅም መፍዘዝ

የናሳ ተመራማሪዎች ውቅያኖስ የሚያቋርጡ አብራሪዎችን በተራ የ40 ደቂቃ እረፍት ሰጥተው ፈትነዋል። አብራሪዎቹ በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ። ወደ ማረፊያው ሲቃረቡም እረፍት ካላገኙት ባልደረቦቻቸው ይልቅ ንቁ ነበሩ። አጭር ሸለብታ ዋጋ እንዳለው ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች ይህ አንዱ ነው።

ችግሩ አነቃቁ ላይ ነው። ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ለጊዜው ይፈዛል፤ ይህ መፍዘዝ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከጥልቅ እንቅልፍ መሐል የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ ይብስበታል። አንድ የእንቅልፍ ዑደት በአማካይ 90 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ጥልቁ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ወይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማሸለብ፣ ወይ ዑደቱን መጨረስ ይሻላል። ተረኛውም ዱላውን ከመቀበሉ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት መቀስቀስ አለበት።

ቡናም ሥርዓት አለው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል እንቅልፍ ጠሪ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ካፌይን የእሱን መቀመጫ ይዞ ያግደዋል። ሥራውን በሚገባ ለመጀመር ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አንድ ስኒ ጠጥቶ ወዲያው ማሸለብ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ሲነቁ ካፌይኑም ደርሶ ያገኙታል። ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከዙሩ በኋላ መተኛት የሚፈልግ ሰው ከጉዞው በፊት የጠጣው ቡና ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ይሆንበታል።

ላቡ ሳይደርቅ

ብስክሌተኛ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፔዳሉ ላይ 200 ዋት የሚያሳርፍ ሰው ከ600 እስከ 800 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ዳገት ላይ በዜሮ ዲግሪ ብርድ ላብ በላብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዱላውን አስረክቦ ሲቆም ይህ ማሞቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 100 ዋት ገደማ ይወርዳል። የረጠበው ልብስ ግን ሙቀት መውሰዱን አያቆምም፤ አንድ ግራም ላብ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ይዞ ይሄዳል። የበረሃ ሌሊት ደግሞ ርኅራኄ የለውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የረጠበውን ማውለቅ፣ ደረቅ ልብስና ኮፍያ መልበስ፣ ከዚያ መብላት፣ ስለ ጉዞው ማውራት ከዚያ በኋላ። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲቀንስ ጉልበቱ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይቀንሳል። ወደ ቀጣዩ ዙር ከመውጣት በፊት እግርን ማሟሟቅ የግድ የሚሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

የምግቡ ሂሳብ ከሁሉም ይከፋል። ጡንቻና ጉበት ግላይኮጅን በሚባል መልክ 500 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያከማቻሉ። በጥድፊያ የሚነዳ ሰው በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ግራም ሊያቃጥል ይችላል፤ ለአንድ ዙር 75 ደቂቃ ብንወስድ ከ150 እስከ 225 ግራም ይሄዳል። ጡንቻ ግን በሚገባ ቢመገቡም በሰዓት ከክምችቱ 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው የሚተካው። በአራት ሰዓት እረፍት የሚመለሰው 20 በመቶ ነው፤ የወጣው ከ30 እስከ 45 በመቶ። ቡድኑ ከደመወዙ በላይ እንደሚያወጣ ሰው በየዙሩ ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ሲነጋ እግር የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ዕዳውን ለማቅለል ከወረዱ በኋላ ወዲያው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 70 ግራም መሆኑ ነው፤ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ድንች በትንሽ ጨው። እየነዱም መብላት ያስፈልጋል።

ሁለት መብራት ለምን?

ሌሊት ላይ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ አንድ መብራት ሄልሜቱ ላይ፣ ሌላ መሪው ላይ ያስራል። የሄልሜቱ መብራት ዓይን በዞረበት ይዞራል፤ ኩርባውን አስቀድሞ ያሳያል። ጉድለቱ ለዓይን እጅግ መቅረቡ ነው። የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ስለሚደበቅ መሬቱ ሁሉ ለጥ ያለ ይመስላል። ዝቅ ብሎ የታሰረው የመሪው መብራት ግን ጉብታውን ከጎኑ ስለሚያበራው ጥላው ይረዝማል፤ ጉድጓዱም ጉድጓድ ሆኖ ይታያል።

በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ 7 ሜትር ይጓዛል። መብራቱ በግልጽ የሚያሳየው 20 ሜትር ከሆነ፣ ለማየት፣ ለመወሰንና ፍሬን ለመያዝ ያለው ጊዜ 3 ሴኮንድ አይሞላም። አሪዞና ላይ ከመንገዱ የወጣን ሰው የሚቀበለው ቾላ የተባለው ቁልቋል ነው። እሾሁ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተሳለ ስለሆነ በጣት መንቀሉ ሌላውን እጅ ማስወጋት ነው። አዋቂዎች ማበጠሪያ ኪሳቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ ጥርሱን ከቁልቋሉና ከቆዳው መሐል አስገብተው ወደ ውጭ ይመነጥቁታል።

ነጠላ ዙር ወይስ ድርብ?

አሁን ሁሉም ነገር ወደ አንድ ውሳኔ ይመጣል። አራቱ ሰዎች ሌሊቱን አንድ አንድ ዙር ቢቀባበሉ፣ እያንዳንዱ በዙሮቹ መሐል 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያገኛል። ከዚያ ላይ ልብስ መቀየር፣ መብላት፣ ቀድሞ መነሳትና ማሟሟቅ ሲቀነስ ለእንቅልፍ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ሁለት ዙር ቢነዱ ግን እረፍቱ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አምስት ሰዓት ያህል መተኛት ይቻላል። ዋጋው ሁለተኛው ዙር ላይ መዛሉ ነው። ለመዝናናት የሚሮጥ ቡድን ድርቡን ቢመርጥ ያተርፋል፤ ለማሸነፍ የመጣው ዝለቱንና የእንቅልፉን ጥቅም በደቂቃ አስልቶ ሊመዝን ይገባዋል።

ምርጫው የቱም ይሁን በሌሊት መወሰን የለበትም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሁለት ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች ቅልጥፍናቸው ዕለት ከዕለት ሲወርድ ራሳቸው ግን የተሰማቸው ድካም ትንሽ እንደነበር አሳይቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የጎደለውን አይመዝንም። «ደህና ነኝ፣ አንድ ዙር እጨምራለሁ» የሚል ብስክሌተኛ ውሸት ላይናገር ይችላል፤ ግን ቃሉ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ የተራው ሠንጠረዥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ምግብም እንቅልፍም ጠግቦ እያለ ይጻፍ። ሌሊት ላይ የመለወጥ ሥልጣኑም ለማይነዳና እንቅልፍ ለጠገበ አንድ ሰው ይሰጥ።