ጠባቧ ቀዳዳና የምግብ ቧንቧ

ጃፓናውያን ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያቀረቡት ውጤት የቆየ ክርክር ቀስቅሷል። 300 የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሕሙማን በዕጣ ተመድበው፣ ግማሾቹ ደረታቸው ተከፍቶ፣ ግማሾቹ ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ታከሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 70.9፣ ከሁለተኛዎቹ 82 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ጥናቱ ሲነደፍ የታሰበው ግን አዲሱ ዘዴ ከነባሩ እንደማያንስ ማሳየት ብቻ ነበር።

ይህ ቀዶ ሕክምና ከባድ ነው። የታመመው ቧንቧ ይወጣና ጨጓራ እንደ ቱቦ ተቀርጾ ወደ ላይ ተስቦ ይሰፋል። ደረቱ ሲከፈት ጎድን ይፈለቀቃል። ሕመምተኛው ከነቃ በኋላ ሕመሙን ፈርቶ አይስልም፤ አክታው ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ይከተላል። በ2012 የታተመው፣ በኔዘርላንድ፣ በስፔንና በጣሊያን የተካሄደው ጥናት ይህንኑ መዘነ። በካሜራ የሚታከሙት በሆዳቸው ተኝተው ስለነበር ሳንባቸው በራሱ ክብደት ከመንገድ ገለል ይል ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሳንባ ኢንፌክሽን የያዛቸው 9 በመቶ፣ ደረታቸው ከተከፈተው ደግሞ 29 በመቶ ሆኑ።

በ2019 ይፋ የሆነው የፈረንሳዮች ጥናት ሆዱን ብቻ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ፣ ደረቱን ግን እንደ ድሮው ሠርቶም ከባድ ጉዳቶችን ከ64 ወደ 36 በመቶ አወረደ።

ታዲያ ምን ያከራክራል? የሐኪሙ እጅ ነዋ! በአራት የአውሮፓ ሆስፒታሎች የታከሙ 646 ሕሙማን መዝገብ ሲመረመር፣ የካሜራውን ዘዴ አጥርቶ ለመልመድ በአማካይ 119 ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ነበር። በልምምዱ ዘመን 18.8 በመቶ የነበረው የስፌት ማፍሰስ ከዚያ ወዲያ 4.5 በመቶ ሆነ። ሐኪሞቹ እስኪለምዱ ድረስ 36 ሕሙማን ሊደርስባቸው በማይገባ ጉዳት እንደተጎዱ ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። እነዚህ ሆስፒታሎች ጀማሪዎች አለመሆናቸው ነው የሚያስደነግጠው።

ይህንኑ ቀዶ በሮቦት መሥራትም አለ፤ ወሬው ግን ከማስረጃው ይቀድማል። የዩትሬክት ሐኪሞች ጉዳት ከ80 ወደ 59 በመቶ ቀነሰ ሲሉ ያወዳደሩት ደረት ከሚከፍተው ጋር ነው፤ እሱን ካሜራውም ረትቶታል። ቻይናውያን ከካሜራው ጋር ሲያወዳድሩት በዋናነት ያተረፉት 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

ካንሰር ባልሆነው በኩል አካሌዢያ አለ፤ የቧንቧው የታችኛው በር አልላላ ሲል ምግብ የሚያግደው በሽታ። የጃፓኑ ሀሩሂሮ ኢኖዌ በ2008 በአፍ በኩል በኢንዶስኮፕ ገብቶ ጡንቻውን መቁረጥ ጀመረ። በ221 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ በአፍ በኩል ከታከሙት 83፣ በላፓሮስኮፒ ከታከሙት 81.7 በመቶው ተሳክቶላቸዋል። ሒሳቡ ግን በቃር መጣ፤ ቧንቧቸው በአሲድ የቆሰለው በአፍ በኩል ከታከሙት 44፣ በላፓሮስኮፒ ከታከሙት 29 በመቶ ነው። የቃር ቀዶ ሕክምናም የራሱ ጣጣ አለው፤ በስዊድን ከ2,655 ታካሚዎች ቃሩ የተመለሰባቸው 17.7 በመቶ ናቸው።

ወደ ካንሰሩ ስንመለስ፣ በሽታው በሚበዛባቸው በኢትዮጵያዎቹ አርሲና ባሌ አብዛኛው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ምግብ አላልፍ ካለው በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው አማራጭ ብዙ ጊዜ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ነው። በዓመት 20 ሰው ብቻ ቧንቧውን ለሚያወጣው ቀዶ ሕክምና የሚበቃለት ሆስፒታል 119ኙን ለመሙላት ስድስት ዓመት ይፈልጋል።