ያረጀ ማመንጫ የሚተካው መቼ ነው?

የጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ አቅሙ 73 ሜጋ ዋት። በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ ሲመረቅ የጣና ሐይቅ ውሃ አብዛኛው ወደዚያ ዞረና ጢስ ዓባይ ገና ሳያረጅ ተጠባባቂ ሆነ። ላይ ላዩን ሲያዩት ብክነት ይመስላል። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚወርደው ግን 50 ሜትር ገደማ ሲሆን በለስ ላይ ከ300 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ የጣና ውሃ በለስ ላይ ስድስት እጥፍ ያህል ኃይል ይሰጣል። የጢስ ዓባይ ግንባታ የበላው ገንዘብ ማመንጫው ቢሠራም ባይሠራም አይመለስምና በውሳኔው ውስጥ ቦታ የለውም። ውሃ በነፃ ይገኛል ማለትም እዚህ አያስኬድም፤ በአንዱ ተርባይን የሚያልፍ ውሃ ዋጋው ሌላው ዘንድ ሊያመነጭ ይችል የነበረው ኃይል ነው። የጢስ እሳት ፏፏቴ የሚያጣው ውሃም በኪሎ ዋት ሰዓት ባይመነዘር ወጪ ነው፤ ከስሌቱ ሊቀር አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቋሚ ወጪ ላይ ነው። ደመወዝ፣ ጥበቃ፣ መድንና ዓመታዊ ጥገና ማመንጫው ቢያመነጭም ባያመነጭም ይከፈላሉ። ዛሬ ማታ የትኛው ማመንጫ ይነሣ ሲባል አይቆጠሩም፤ ማመንጫው ይዘጋ ወይስ ይቆይ ሲባል ግን መዝጋት የሚያስቀራቸው በመሆናቸው ሚዛን የሚደፉት እነሱ ናቸው። የናፍጣ ጄኔሬተር ተከላው ርካሽ፣ ነዳጁ ውድ ስለሆነ ለድርቅ ዓመት መጠባበቂያነት ይመቻል። ኑክሌር የዚህ ተቃራኒ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቨርሞንት ያንኪ የተባለው የኑክሌር ማመንጫ እስከ 2032 የሚያሠራ ፈቃድ እያለው በ2014 መጨረሻ የተዘጋው፣ የተፈጥሮ ጋዝ ረክሶ የኤሌክትሪክን የገበያ ዋጋ ሲያወርደው ገቢው ቋሚ ወጪውን መሸፈን ስላቃተው ነው።

የካሊፎርኒያው የሳን ኦኖፍሬ ኑክሌር ማመንጫ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሶበት የእንፋሎት ማመንጫዎቹ በአዲስ ከተተኩ ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 2012 አንዱ ማፍሰስ ጀመረ። ባለቤቶቹ በሰኔ 2013 ለዘለቄታው ሊዘጉት ወሰኑ። ያን ያህል አውጥተን እንዴት እንተወዋለን የሚለውን ስሜት አሸንፈዋል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ስለሚወጣውና ስለሚገኘው ብቻ ነበርና። መመዘኛውም ይኸው ነው፤ አዲሱ ከነግንባታው የሚጠይቀው ወጪ፣ አሮጌውን ለማቆየት ከዛሬ ጀምሮ ከሚወጣው ካላነሰ መተካቱ አያዋጣም። ማፍረሻውና ቦታውን ማጽጃውም ይታሰባል።

ያለፈው ወጪ ከውሳኔው ይውጣ ሲባል ግን ዕዳው ይሰረዛል ማለት አይደለም። ኒው ሜክሲኮ በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ በ2022 የተዘጋው የሳን ሁዋን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ያልተከፈለ ካፒታል በዝቅተኛ ወለድ ቦንድ እንዲሸፈንና ሥራ ለሚያጡት ሠራተኞች ገንዘብ እንዲመደብ ፈቅዳለች። ቦንዱን የሚከፍለው ደንበኛው በመብራት ሒሳቡ ነው። ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ከ1960 ጀምሮ የሚሠራው የእኛው ቆቃ ስሌቱን ያከብደዋል። አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ግድቡም በደለል እየተሞላ ነው። ሆኖም የአዋሽን ፍሰት ለአዋሽ ሁለትና ሦስት ማመንጫዎች፣ ለወንጂ የሸንኮራ ማሳና ለታችኛው ተፋሰስ መስኖ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ተርባይኖቹ ነገ ቢቆሙ እንኳ የግድቡ ጥገና ይቀጥላል፤ ወጪውም ከኤሌክትሪክ ሒሳብ ወጥቶ በመስኖው ተጠቃሚ ወይም በመንግሥት በጀት ላይ ያርፋል።