ሙሌቱ ላይ ማን ያርፋል?

ጥርስዎን አስሞልተው ከሐኪሙ ወንበር ሲነሱ፣ አዲሱ ሙሌት ራቁቱን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በምራቅ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ወዲያው ይለብሱታል። በዓይን የማይታየው ይህ ስስ ልባስ በተፈጥሮ ጥርስ ላይም አለ፤ ኢናሜሉን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ከአሲድ በመጠኑ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ባክቴሪያዎች የሚንጠለጠሉት በእሱው ነው። እንደ ስትሬፕቶኮከስ ሳንጉዊኒስ ያሉት ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሌሎቹ እነሱን ተደግፈው ይሰፍራሉ።

ኋላ ከሚመጡት አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ከተበሉ ጥርሶች ለይቶ ያወጣው ኪሊያን ክላርክ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ስኳርን አንድም አሲድ ያደርገዋል፣ አንድም የሚያጣብቅ ሙጫ ይሠራበታል። ስኳር የበዛበት ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት የሚል ሰው ለሁለቱም ሥራ ስንቅ ያቀብለዋል።

ባክቴሪያው ሙሌቱን አጥብቆ መያዙ በገጹ ሻካራነትም ይወሰናል፤ ይህን ለመረዳት ምጣድን ያስቡ። ሳይሟሽ ሊጥ የፈሰሰበት አዲስ ምጣድ እንጀራውን አልለቅም ይላል፤ ቀዳዳዎቹ በጎመን ዘር ቅባት ሲደፈኑ ግን እንጀራው በቀላሉ ይነሳል። የባክቴሪያው ቁመት አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለጣት የለሰለሰ ሙሌት ለእሱ ሸለቆ ሊሆንበት ይችላል። ሸለቆው ውስጥ የገባውን ደግሞ ምራቅ አያጥበውም፣ ብሩሽም አይደርስበትም። ተመራማሪዎች እንደ ወሰን የሚይዙት አማካይ ሻካራነት 0.2 ማይክሮሜትር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የባክቴሪያው ክምችት ይጨምራል፣ ከዚያ በታች ማለስለስ ግን ብዙ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ሐኪሙ በመጨረሻ ሙሌቱን ሲያወለውል እባክዎ አይቸኩሉ። እኔ ያንን ጊዜ ከሙሌቱ እኩል እቆጥረዋለሁ።

ከሻካራነቱ ሌላ የሙሌቱ ዓይነትም ልዩነት አለው። ግላስ አዮኖመር የሚባለው ሙሌት ፍሎራይድ ይለቅቃል፤ መጠኑ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ይቀንሳል። ጥርስ የሚመስለው ኮምፖዚት በሰማያዊ ብርሃን ሲጠነክር በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ያኔ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ክፍተት ሊከፈት ይችላል። በዓመታት ውስጥም የምራቅና የባክቴሪያ ኢንዛይሞች የኮምፖዚቱን ፕላስቲክ እየሸረሸሩ ገጹን መልሰው ያሻክሩታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሙሌቱና ጥርሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ነው፤ የተሞላ ጥርስ ዳግመኛ መበላት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነውና። የጥርስ ማጽጃ ክርዎ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበጣጠስ ከሆነ፣ ወይም ምላስዎ ሻካራ ነገር ካገኘ፣ ሄደው ያሳዩት፤ አንዳንድ ጊዜ ሙሌቱ ሳይነሳ እንደገና ማወልወል ብቻ ይበቃል።