መጋገሪያ የማይሻ መክሰስና ፊዚክሱ

ግራኖላ በመባል የሚታወቀው ምግብ አጃ፣ ለውዝ፣ የቅባት እህልና ደረቅ ፍራፍሬ ተቀላቅለው በማር ወይም በስኳር የሚያያዙበት መክሰስ ነው። የዘር ሐረጉ ወደ አሜሪካ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1863 ጄምስ ካሌብ ጃክሰን የተባለ ሐኪም በኒው ዮርክ ግዛት፣ በዳንስቪል ከተማ በሚመራው የጤና ማረፊያ «ግራኑላ» ብሎ የሰየመውን፣ ከስንዴ ዱቄት ተጋግሮ የተሰባበረ ምግብ ለታካሚዎቹ አቀረበ። ምግቡ እጅግ ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ ሌሊቱን ተነክሮ ካላደረ ለጥርስ የሚመች አልነበረም። ዛሬ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በእጅ የሚገመጠው ዓይነት «ግራኖላ ባር» ይባላል። «ባር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሌላ ቤት ስላለው እኛ በዚህ ጽሑፍ «ቁራሽ» እያልን እንጠራዋለን።

ይህን መክሰስ ያለ መጋገሪያ በቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። በአብዛኛው የአገራችን ቤት መጋገሪያ የለምና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ላይ መመሪያውን ቃል በቃል ተከትለው የሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ቁራሽ ሳይሆን ጡብ ነው። ጥፋቱን በማሩ ወይም በአጃው ያላክካሉ። እኛ ግን ምክንያቱን ከባሕር ወለል በላይ በምንኖርበት ከፍታ ውስጥ እንፈልጋለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «የማይጋገር» ማለት እሳት የማይነካው ማለት አይደለም። ጥሬ እህል ከክብደቱ 12 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ሲቆላ ይህ ውኃ በአብዛኛው ተንኖ ይወጣና ፍሬው ተሰባሪ ይሆናል። በዚያው ጊዜ በእህሉ ውስጥ ያሉት ስኳሮችና አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ ተዋህደው ቡናማውን ቀለምና የሚጣፍጠውን መዓዛ ይፈጥራሉ። ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 ያብራራው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር ስለነበረ ሂደቱ በስሙ ይጠራል። ቡና ሲቆላ ጎረቤት የሚጠራው ሽታም በከፊል የዚሁ ሂደት ውጤት ነው። ቁራሹ በኋላ እሳት ስለማያገኝ እህሉ አስቀድሞ በሚገባ መቆላት አለበት። በዚህ ረገድ ቆሎን፣ በሶንና ጭኮን የሚያውቅ ማእድ ቤት ከግማሽ በላይ መንገዱን ተጉዟል ማለት ይቻላል።

የተቆላው እህል ግን በራሱ አይያያዝም፤ ማያያዣ ይሻል። ጭኮን እንመልከት። የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ ቅርጽ ይይዛል። ቅቤ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በደጋ ቤት፣ በ18 ወይም በ20 ዲግሪ፣ ከስቡ ከፊሉ ጠጣር ክሪስታል ሆኖ የዱቄቱን ቅንጣቶች አቆራኝቶ ይይዛል። ያው ጭኮ ወደ ቆላ ቢወርድ ይለሰልሳል።

ግራኖላ የሚጠቀመው ሌላ ዘዴ ነው። ማያያዣው የስኳር ሽሮፕ ሲሆን፣ የሚይዘውም ክሪስታል በመሥራት ሳይሆን በዝልግልግነቱ ነው። በ20 ዲግሪ ላይ የማር ዝልግልግነት ከውኃ 10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ማሩን ወደ 50 ዲግሪ ብናሞቀው ዝልግልግነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ትኩስ ሽሮፕ በእህሉ መካከል በቀላሉ ገብቶ እያንዳንዱን ፍሬ የሚቀባውና ሲቀዘቅዝ ባለበት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ መፍላት ከጀመረ በኋላ እሳቱን ብናበዛው እንኳ መጠነ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ስኳር የሟሟበት ውኃ ግን እንደዚህ አይደለም። የስኳር ሞለኪዩሎች የውኃውን ትነት ስለሚገቱ ነጥበ ፍሌቱ ከንጹሕ ውኃ ከፍ ይላል። ውኃው እየተነነ ሽሮፑ በወፈረ ቁጥርም ነጥበ ፍሌቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በሚፈላ ሽሮፕ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር ሙቀትን ብቻ ሳይሆን በድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረም ይነግረናል። በባሕር ወለል ላይ 85 ከመቶ ስኳር ያለው ሽሮፕ በ115 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ሲቀዘቅዝ በጣት የሚጨመቅ፣ ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ነው። ከ121 ዲግሪ ሲያልፍ የስኳሩ ድርሻ 90 ከመቶን ይሻገራልና ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። 150 ዲግሪ ላይ ውኃው ተሟጦ ከ1 ከመቶ ገደማ በላይ አይቀርም፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ በጥርስ ሥር ይሰበራል።

እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስም ነጥበ ፍሌት ይቀንሳል። በግምት ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 91 ይጠጋል፤ ድሬ ዳዋ ላይ 96 ገደማ ይሆናል። የሽሮፑም ነጥበ ፍሌት በዚያው መጠን አብሮ ይወርዳል። በባሕር ወለል በ115 ዲግሪ የሚፈላው ሽሮፕ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ107 አካባቢ ነው።

አሁን ጡቡ ከየት እንደመጣ መረዳት ይቻላል። የውጭው መጽሐፍ «115 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉት» ይላል። የአዲስ አበባው ሰው በታማኝነት 115 እስኪደርስ ያፈላዋል። ይህ ግን በባሕር ወለል ቋንቋ 123 ዲግሪ ነው! 15 ከመቶ ሊቀር የሚገባው ውኃ ወደ 10 ከመቶና ከዚያ በታች ወርዷል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ በጥርስ ሲለካ ግን ትንሽ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው አስቀድሞ ንጹሕ ውኃ አፍልቶ ይለካ። የተገኘው ቁጥር ከ100 ምን ያህል እንደሚያንስ ይመዝግብና ያንኑ ከመጽሐፉ ቁጥር ላይ ይቀንስ። ይህ ዘዴ የከፍታውን ብቻ ሳይሆን የቴርሞሜትሩንም ስሕተት በአብዛኛው ያርማል፤ በየቤተ ሙከራው ለምናስተምረው የመሣሪያ እርማት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ማር ሲጨመር ሌላ ነገር ይከሰታል። ነጥበ ፍሌት ከፍ የሚለው በሟሟው ነገር ክብደት ሳይሆን በቅንጣቶቹ ብዛት ልክ ነው። የተራው ስኳር አንድ ሞለኪዩል የአንድ ግሉኮስና የአንድ ፍሩክቶስ ጥምረት ነው። በማር ውስጥ ግን እነዚህ ሁለቱ በአብዛኛው ተለያይተው ይገኛሉ። ስለዚህ በእኩል ክብደት ማር ብዙ ቅንጣቶች አሉት፤ የተራ ስኳር ቁጥሮችም በቀጥታ አያገለግሉትም። ለዚህ የሚበጀው ቴርሞሜትር ሳይኖር ከረሜላ ሠሪዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት ዘዴ ነው። ከሽሮፑ አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ትጣላለች። ጠብታዋ ሟሙታ ከጠፋች ገና ነው። ከሥር ተሰብስባ በጣት ስትያዝ እንደ ለስላሳ ሊጥ ከተጨመቀች ደርሷል። ከጠነከረች አልፏል፤ ጥቂት ውኃ ጨምሮ መመለስ ይቻላል። ጠብታዋ የምትነግረን መጠነ ሙቀትን ሳይሆን የምንፈልገውን ዝልግልግነት ራሱን ስለሆነ ደብረ ብርሃንም ሆነ ድሬ ዳዋ ውጤቷ አንድ ነው።

ማሩን በስኳር ብቻ ለመተካት የሚያስብ ካለ ይጠንቀቅ። ከረሜላ በሳይንስ ዓይን ሲታይ መስተዋት ነው፤ ሞለኪዩሎቹ ሥርዓት ሳይዙ ባሉበት ደርቀው የቀሩበት ጠጣር። ደረቅ የተራ ስኳር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ካለው ሙቀት በታች መስተዋት ይሆናል። ፍሩክቶስ ግን ለዚህ ከዚያ እጅግ ዝቅ ያለ መጠነ ሙቀት ይፈልጋል፤ ውኃም ሲጨመርበት ይበልጥ ዝቅ ይላል። በማር የተያያዘ ቁራሽ በክፍል ሙቀት ሳይደርቅ የሚቆየው ከዚህ የተነሣ ነው። በእኛ ግምት ሦስት እጅ ማርና አንድ እጅ ስኳር ጥሩ ሚዛን ነው።

ስለ እህሉ አደራደር ጥቂት እንበል። እኩል መጠን ያላቸው ኳሶች እንደ ነገሩ ቢከመሩ የሚሞሉት 64 ከመቶ ያህሉን ቦታ ነው፤ የቀረው ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤምኤንድኤም የተባለውን ጠፍጣፋ ከረሜላ በመጠቀም ባደረጉት ሙከራ፣ እንዲህ ያለ ቅርጽ ያላቸው ነገሮች ከ68 እስከ 71 ከመቶ ሊሞሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት የጠፍጣፋ አጃ፣ የሞላላ ገብስና የደቃቅ ሰሊጥ ድብልቅ ከአንድ ዓይነት እህል ይልቅ እርስ በርሱ እንደሚቀራረብ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ጥቂት ሽሮፕ ብዙ ይይዛል። ጠበቅ አድርጎ መጫንም ያስፈለገው ለዚሁ ነው፤ ቁራሹ የሚፈረፈረው ብዙውን ጊዜ ሽሮፑ አንሶ ሳይሆን ሳይጫን ቀርቶ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 200 ግራም የተዳመጠ አጃ (በሱቅ «ኦትስ» የሚባለው) እና 100 ግራም ተቆልቶ ከካ ከካ የተደረገ የገብስ ቆሎ በብረት ምጣድ ላይ እስኪሸት ድረስ ይመሳል። 100 ግራም የተቆላ ለውዝ፣ 50 ግራም ሰሊጥና 50 ግራም ዘቢብ ይጨመርበታል። በድስት ውስጥ 150 ግራም ማር፣ 50 ግራም ስኳር፣ 30 ግራም ዘይት፣ አንድ ቁንጥር ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በመጠነኛ እሳት ይፈላል። ጠብታዋ ስትመሰክር ድስቱ ይወርድና ሽሮፑ በእህሉ ላይ ይፈስሳል፤ ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት ይማሰላል። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ተዘርግቶ በጠርሙስ ይዳመጣል። የሚቆረጠው ለብ ሲል ነው፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። የሚፈላ ሽሮፕ ከውኃ ይበልጥ የሚሞቅና በቆዳ ላይ የሚጣበቅ በመሆኑ ቃጠሎው የከፋ ነው፤ ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች በማዳመጡ ይሳተፉ እንጂ ወደ ድስቱ አይቅረቡ።

ከዚህ መጠን እያንዳንዳቸው 40 ግራም ገደማ የሚመዝኑ 18 ቁራሾች ይገኛሉ። አንዱ 170 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ይሰጣል። ከማሩና ከስኳሩ የሚመጣው ጣፋጭ በአንድ ቁራሽ ወደ 10 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ የሚጨመር ስኳር፣ ማርን ጨምሮ፣ ከዕለቱ ጉልበት ከ10 ከመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ነው። አንድ ቁራሽ አምስተኛውን ወሰደ ማለት ነው። በማር ስለተሠራ ብቻ «ለጤና» ተብሎ እንደ ቆሎ በእፍኝ የሚዘገን አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄዎች መዘለል የለባቸውም። ማር ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ የሆነ የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ስለሚችል አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ለውዝ ደግሞ በእርጥበት ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ መቁላት ይህን መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የጠቆረ፣ የተጨማደደና የሻገተ ፍሬ እየተለቀመ ይጣል። ይህን ለቅሞ የማውጣት ልማድ ከእናቶቻችን ስፌት በላይ የሚያስተምር ቤተ ሙከራ የለም።

ስለ አቀማመጡ እናንሣ። አንድ ምግብ የሚበላሸው በውስጡ ባለው ጠቅላላ ውኃ ሳይሆን፣ ከስኳርና ከጨው ጋር ሳይታሰር በቀረው ነጻ ውኃ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ከ0 እስከ 1 በሚደርስ ቁጥር ይገልጹታል፤ የንጹሕ ውኃ ልኩ 1 ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች አይራቡም፤ ከ0.60 በታች ግን ሻጋታም አይበቅልም። ማር በዚህ ወሰን አካባቢ ስለሚገኝ ነው የማይበላሸው። ሙዝ ከ0.95 በላይ ነውና ትኩስ ሙዝ የገባበት ቁራሽ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ውኃ ደግሞ ልኩ ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ይጓዛል። ከመጠን በላይ ለስላሳ የሆነ ዘቢብ ርጥበቱን ለአጃው እየሰጠ ራሱ ይደርቃል፤ አጃውም መንኮሻኮሹን ያጣል። በክረምት ያልተሸፈነ ቁራሽ ከአየሩ ውኃ ጠጥቶ ይጣበቃል፤ በበጋ ለአየሩ ውኃ ሰጥቶ ይደርቃል። እያንዳንዱ ቁራሽ ለየብቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ብርሃን ከማይደርስበት ቦታ ቢቀመጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ጣዕሙ የሚለወጠው የለውዙና የሰሊጡ ዘይት ነው፤ ኦክስጅን ሲነካው ይጎመዝዛልና ሽታው ከተለወጠ አይበላም።