ሀደሮ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመሠረት ቢሮዎቹን አንድ ከተማ ላይ አላከማቸም። ሆሳዕና የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች፤ ሌሎቹ ቢሮዎች በወራቤ፣ በቡታጅራ፣ በወልቂጤ፣ በሀላባ ቁሊቶና በዱራሜ ተከፋፈሉ። ከምባታ ዞን ውስጥ፣ ሀደሮ ላይ የተጀመረ ጉዳይ ዱራሜ ካለው የዞን መምሪያ አልፎ እንደየዓይነቱ ከነዚህ ከተሞች ወደ አንዱ ሊያመራ ይችላል። ወረቀቱ በሰው እጅ የሚጓዝ ከሆነ የመኪናውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ቅጽ የሚሞሉበትን፣ መዝገብ የሚይዙበትንና የሕዝብ አቤቱታ የሚቀበሉበትን ሶፍትዌር መምረጥ ለአይሲቲ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የሀደሮን የዝንጅብል ገበሬ የሥራ ቀንም ይነካል።

ወረዳዎቻችን ከሶፍትዌር ጋር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ለዓመታት ሲያገለግል የኖረው የበጀትና የሒሳብ ሥርዓት አይቤክስ ይባላል፤ ታሪኩም በደንብ ሊነገር የሚገባው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2008 የዘለቀው የበጀትና የሒሳብ ማሻሻያ ነው። ገንዘቡን በዋናነት የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ሰጠ፤ የቴክኒክ ድጋፉን በስቲቨን ፒተርሰን የሚመራ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሰጠ። በዚያው ዘመን በርካታ የአፍሪካ አገሮች ትልልቅ፣ ተሠርተው ያለቁ የፋይናንስ ሶፍትዌሮችን እየገዙ አሠራራቸውን በማሽኑ ልክ ለመለወጥ ሲታገሉ ነበር። እዚህ የተመረጠው ተቃራኒው መንገድ ነው። መጀመሪያ የወረቀቱ አሠራር ተስተካከለ፤ የሒሳብ መደቦች ተበጁ፣ ከነጠላ ወደ ድርብ የሒሳብ አመዘጋገብ ተሸጋገረ፣ የሒሳብ ሠራተኞች ሠለጠኑ። ሶፍትዌሩ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ ሠራተኛው ቀድሞ የሚያውቀውን ሥራ እንዲያቀልለት ነው።

በ1994 ዓ.ም. ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ የሠለጠነ ሒሳብ ያዥ በየጽሕፈት ቤቱ ማግኘት አይቻልም ነበር። መፍትሔው ፑል ሆነ፦ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የትምህርቱንም፣ የጤናውንም፣ የግብርናውንም ሒሳብ በአንድ ላይ ይዞ መሥራት ጀመረ። አይቤክስም ለዚህ አሠራር የሚመጥን ነበር። የኔትወርክ መስመር በሌለበት ወረዳው ባለው ኮምፒውተር ይሠራል፤ መረጃው ቆይቶ ወደ ዞንና ወደ ክልል ይተላለፋል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኋላ በኦራክል ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተውን፣ ኢፍሚስ የተባለውን የፋይናንስ ሥርዓት ማስገባት ጀምረዋል። አስተማማኝ መስመርና ብዙ ባለሙያ ላለው መሥሪያ ቤት ይህ ያስኬዳል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ግን፣ የአይቤክስን መንገድ የመረጡት ሰዎች አገሩን አይተው ነው የመረጡት ብዬ አምናለሁ።

ወረዳኔትም አለ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው፣ በሳተላይት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ያገናኘው መረብ። ለስብሰባና ለሥልጠና ጠቅሟል። ነገር ግን በስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው ኃላፊው እንጂ ባለጉዳዩ አልነበረም።

የጤናው ዘርፍ ደግሞ ስለ ሶፍትዌር ባለቤትነት ያስተምራል።  ከጤና ተቋማት የሚወጣውን ሪፖርት አሁን የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ-2 የተባለው ሶፍትዌር ነው። ጥንስሱ ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የምንጭ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ እንደ አገሩ ሊያስተካክለው ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሶፍትዌሩ የቀድሞ ስሪት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ተሞክሯል፤ ጤና ሚኒስቴር ግን መሐል ላይ ሌሎች ሥርዓቶችን ተጠቅሞ ነው በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ወደዚህኛው የመጣው።

የኮዱ መከፈት ምን ዋጋ እንዳለው የሚታየው ቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይሸፍናል፤ በዚያ ላይ 13ኛ ወር አለን። ወር ከ12 አይበልጥም ብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ጳጉሜን ሲደርስ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ዲኤችአይኤስ-2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይቀበላል። ክፍት ኮድ ማለት ወጪ የለውም ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ ይባል፤ ሰርቨሩ፣ ሥልጠናው፣ የባለሙያው ደመወዝ በየዓመቱ በጀት ይፈልጋሉ።

ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያም የተገነባው በክፍት ኮድ ነው። ሞሲፕ የተባለው መሠረቱ የተጀመረው ሕንድ ውስጥ፣ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። መታወቂያው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ሲያገኝ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከተለው። ከእንግዲህ የሰው ስም፣ ስልክና የጣት አሻራ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲመርጥ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል።

ሕዝቡ የሚናገርበት መንገድ ከሁሉም ደካማው ነው፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ብዙ ወረዳዎች ዛሬ ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። ሰው ያለው እዚያ ስለሆነ ማስታወቂያ ማውጣቱ ትክክል ነው። አቤቱታ መቀበያ አድርጎ መያዙ ግን አደጋ አለው፦ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ሲዛወር የይለፍ ቃሉ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ የቀረበው አቤቱታ ቁጥር የለውም፤ ለማን ተመራ፣ መቼ ተመለሰ ተብሎ ሊጠየቅ አይችልም። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2016 ዴሲዲም የተባለ ክፍት ኮድ የሕዝብ ተሳትፎ መድረክ አስጀምራ ነዋሪዎች ለከተማዋ ዕቅድ ሐሳብ እንዲያቀርቡበትና የሐሳባቸውን መድረሻ እንዲከታተሉ አድርጋለች። ለእኛ ድረ ገጹ ሳይሆን ክትትሉ ነው የሚያስፈልገን።

ያለ ድረ ገጽ ሕዝብን የመድረሱ መንገድማ አገር ውስጥ ተሞክሯል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ኢንተርኔትም ስማርት ስልክም አይጠይቅም። ገበሬው በተራ ስልኩ ይደውላል፣ ቁልፍ ተጭኖ ቋንቋ ይመርጣል፣ ስለ ሰብሉ ይሰማል፤ ማንበብ አለመቻሉ አያግደውም። የሰብል በሽታ ሲከሰት ማስጠንቀቂያ መልሶ ወደ ገበሬው መላክም ይችላል። የሀደሮ ጡንጦ ገበሬ የዚህን ጥቅም ለመረዳት ምሳሌ አያሻውም፤ በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ማሳውን ሲያጠፋው አይቷል። ያው ድምፅና ያው ቁልፍ ለውኃ፣ ለመንገድ፣ ለመሬት አቤቱታም ሊሠራ ይችላል።

እንግዲህ ሊገዛ የታሰበ ሥርዓት ሆሳዕና ላይ በማሳያ ስክሪን ከመታየቱ በፊት አንድ ሩብ ዓመት ሀደሮ ላይ ቢሠራበት እመርጣለሁ። መብራት በጠፋበት ቀን፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን፣ ሠልፉ በረዘመበት የገበያ ቀን ምን እንደሚሆን ይታይ። የአማርኛውን ፊደልም፣ ከምባትኛና ሀድይኛ የሚጻፉበትን የላቲን ፊደልም ሳያበላሽ ይቀበል። ውሉ ሲፈረም ደግሞ ሻጩ ቢሄድ መረጃው በምን መልክ፣ በስንት ቀን ውስጥ ለክልሉ እንደሚመለስ ይጻፍበት፤ የምንጭ ኮዱም አብሮ ይረከብ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ ነው፤ ዱራሜም ካምፓስ አለው። ኮዱ በክልሉ እጅ ካለ፣ የኮምፒውተር ተማሪዎቹ የሀደሮን የአቤቱታ ቅጽ በከምባትኛ አዘጋጅተው መመረቂያቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።