ሰው ሲተኛ የሚታጠብ እግር

ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አንዲት እናት ከውጭ ቆመው ሲያስቀድሱ አየኋቸው። ነጠላቸው ንጹሕ ነው፤ ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። ቅዳሴው አልቆ ሰው መውጣት ሲጀምር ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው የቀሚሳቸውን ጫፍ ወደ ታች ሳብ አደረጉት። ወደ ውስጥ ያልገቡበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ከገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ጫማ ከወለቀ እግር ይታያል።

ዝሆኔ ነው። በትንኝ የሚተላለፍ ዝሆኔም አለ፤ በደጋው የሚታየው ግን ሌላ ነው። እሳተ ገሞራ ከጣለው ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ጥቃቅን የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ መሥመርን ይጎዳሉ፤ እግር ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም በአገር አቀፍ ቅኝት በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ ታውቋል፤ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብም ለበሽታው በተጋለጠ አካባቢ ይኖራል። ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ላይ በተደረገ ቆጠራ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ሕመሙ ነበረባቸው።

ሕክምናው መርፌ ወይም ቀዶ ጥገና አይደለም፤ በየቀኑ እግርን መንከባከብ ነው። ሳፋ ውስጥ ንጹሕ ውሃና ጥቂት በረኪና፣ እግርን መዘፍዘፍ፣ በሳሙና ማጠብ፣ በየጣቱ መሀል ገብቶ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጥቅሙን በቁጥር አሳይቷል። እግሩ በድንገት ግሎ፣ ሰውየውን አንቀጥቅጦ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም፣ እንክብካቤው በዘገየላቸው ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ያህል ሲነሣ፣ በጀመሩት ላይ ወደ 19 ወርዷል። ለገበሬ ይህ በእርሻና በአጨዳ ወቅት የሚተርፍ ብዙ ቀን ነው።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ለምን ይተወዋል? ጤና ጣቢያ ላይ ቶሎ የሚወረወረው ቃል «ቸልተኛ» ነው። ይህን ቃል አልቀበለውም። ቸልተኛ ሰው ቀሚሱን ወደ ታች አይስብም። እኚያ እናት እግራቸውን አንድም ደቂቃ አልረሱትም፤ ሐሳባቸው ሁሉ ያለው ግን መሸፈኑ ላይ ነው። መታጠብ ደግሞ መግለጥ ይፈልጋል፤ የጣት መሀል ቁስል በብርሃን ካልታየ አይገኝም።

ሐፍረቱ ከራሳቸው ብቻ የመጣ አይደለም። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፤ «እነ እገሌ ቤት ዝሆኔ አለ» ከተባለ የልጅ ትዳር ይፈርሳል። ሕመሙ በእርግጥ ወደ ዘር የሚያደላበት ነገር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ጥናት ተጋላጭነቱ ከተወረሰ ዘረ መል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ነገር ግን እግሩ ያን አፈር በባዶው ካልረገጠ ዘር ብቻውን አያሳብጥም። የዚህ እውነት ግማሹ ብቻ ሲነገር ጉዳት አለው። «በዘር ነው» ብሎ የሚያቆም ሰው ለሕመምተኛው ዕጣ ፈንታ ይሰጠዋል፤ ዕጣው ነው ያለ ደግሞ ለልጁ ጫማ ለመግዛት አይጣደፍም። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናትም ሕሙማኑ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ይልቅ የአእምሮ ጭንቀት እንደሚበዛባቸው አረጋግጧል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሳሙናውን ቢያገኝ እንኳ ሳፋውን አይሞላም።



ወላይታ ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የዝሆኔ ሕክምና ማኅበር ራሳቸው ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች አስተማሪ አድርጎ ያሠራ ነበር። ይህ ለእኔ ከሳሙናው እኩል መድኃኒት ነው፤ የራሱን እግር ገልጦ ከሚያሳይ ሰው ፊት የሚደበቅ ነገር የለም።

እኚያን እናት ከአጥሩ ሥር ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ስለ እግራቸው ለመጠየቅ ቃል አጥሮኝ ስንተባተብ ራሳቸው ቀደሙኝ።

«እታጠባለሁ እኮ ልጄ፤» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሰው ሲተኛ፣ በጨለማ።»