ድካም ሁሉ ስንፍና አይደለም

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እሳት ታያይዛለች። ቁርስ አሰናድታ፣ ልጆቿን አጣጥባና አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት ከሸኘች በኋላ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ከቀትር በኋላ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል፤ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ዓይኗ ይጨልማል። የሥራ ኃላፊዋ «ሥራ መጥላት ጀምራለች» ይላል። ባለቤቷ «ምነው ነገር ዓለሙ ሁሉ ሰለቸሽ?» ይላታል። ጎረቤት ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። እርሷም በበኩሏ «ሰነፍኩ» እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

እንዲህ ያለችው እናት በየሠፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ አለች። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶ 24ቱ የደም ማነስ ነበረባቸው። ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት መካከል ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ 57 ደርሶ ነበር። እንግዲህ የደም ማነስ ሰውነትን የሚያደክመው ለምንድን ነው?

ምድጃው በየሕዋሱ ውስጥ ነው

ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሳት የተገነባ ነው። ከቀይ የደም ሕዋሳት በቀር በአብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት ይገኛሉ። እነዚህ የሕዋሱ ምድጃዎች ናቸው። ከምንበላው ምግብ የተገኘውን ስኳርና ስብ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጋር አዋሕደው ኃይል ያወጣሉ። ኃይሉም ኤቲፒ በሚባል ንጥረ ነገር ውስጥ ይያዛል። ይህን ንጥረ ነገር በ1929 እ.ኤ.አ. ያገኘው ካርል ሎማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ነው።

ኤቲፒ እንደ እህል በጎተራ የሚከማች አይደለም። በየቅጽበቱ እየተሠራ በየቅጽበቱ ያልቃል። አንድ ሰው በቀን ውስጥ ሠርቶ የሚጠቀምበት ኤቲፒ ቢመዘን ከራሱ የሰውነት ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። አንዲት የስኳር ቅንጣት በኦክስጅን ስትነድ 30 ያህል ኤቲፒ ትሰጣለች። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን የምትሰጠው 2 ብቻ ነው።

ከሰል በምድጃ ላይ ቢከመር ካልተራገበ እንደማይቀጣጠል እናቶች ያውቃሉ። የሕዋሱም ምድጃ እንዲሁ ነው። ኦክስጅኑን ከሳንባ እያመላለሰ የሚያራግበው ደም ሲሆን፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን የሚሠራው ከብረት ማዕድን ነው። ማይቶኮንድሪያም ራሳቸው ለሥራቸው ብረት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ የብረት እጥረት ማራገቢያውንም ምድጃውንም ይጎዳል። የደሙ መጠን ገና ሳይወርድ ድካም ሊሰማ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ከየት ይጀምራል?

የኃይል እጥረት ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጎዱት ብዙ ኃይል የሚፈጁት የአካል ክፍሎች ናቸው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚፈጀው ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ መርሳትና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላሉ። አንዲት እናት በትንሽ በትልቁ ልጆቿን የምትቆጣው ጠባይዋ ከፍቶ ሳይሆን አንጎሏ የሚገባውን ኃይል አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ዕረፍት የለውም። ደሙ ሲያንስ ጉድለቱን ለመሙላት ምቱን ያፈጥናል። ይህ ሁኔታ ከበረታና ረዥም ጊዜ ከቆየ ልብ እየሰፋና እየደከመ ሊሄድ ይችላል። ጡንቻዎችም በበቂ ኦክስጅን ፈንታ ሌላውን መንገድ ስለሚከተሉ ቶሎ ይዝላሉ። ሰውነት ያለውን ደም ለልብና ለአንጎል ለማዳረስ ከቆዳ ስለሚቀንስ መዳፍና የዓይን ሽፋን ውስጠኛው ክፍል ይነጣሉ፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ። አፈር የመብላት አምሮትም ከብረት እጥረት ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይታያል።

በእርግዝና ወቅት ነገሩ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ይሆናል። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል፤ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደምም ለእናቲቱ የበለጠ አስጊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብረት ያጣ ሕፃን ደግሞ የአንጎሉ ዕድገትና የመማር ችሎታው ሊጎዳ ይችላል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በስኳር በሽታ ጊዜ ስኳሩ በደም ውስጥ ሞልቶ ወደ ሕዋሱ እንደሚገባው አይገባም፤ ማገዶው በደጅ ተከምሮ ምድጃው ባዶ እንደ መሆን ነው። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስም እንዲሁ ሰውነት ይደክማል።

በተለይ ልናስጠነቅቅ የምንወደው ስለ ከሰል ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ሽታም መልክም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ከቀላ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ ሕዋሳቱ ታፍነው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ብርዱ ቢበረታም ፍም ወደ መኝታ ቤት አይግባ። ራሱን ያመመው ወይም የተዝለፈለፈ ሰው ቢኖር ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ መመርመር ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የሄሞግሎቢን መጠን ከ12 ግራም በዴሲሊትር ሲያንስ የደም ማነስ ይባላል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች አየሩ ስስ በመሆኑ ሐኪሞች ልኩን ከዚህ ከፍ ያደርጉታል። ምክንያቱም መታወቅ አለበት። የበዛ የወር አበባ፣ የተቀራረበ ወሊድ፣ የመንጠቆ ትል፣ ወባ ወይም የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ መንስኤው ሳይታከም ክኒን ብቻ መዋጥ ችግሩን አያስወግድም።

ምግብን በሚመለከት፣ ሥጋና ዓሣ ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ብረት አላቸው። ዘወትር ሥጋ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ቢሆን፣ ወይም በጾም ወራት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮና ጎመን ይረዳሉ። ከእነዚህ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዲዋሐድ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ መብላት ነው። ቡናችንን ተዉ አንልም፤ ነገር ግን ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ሕፃናትም 6 ወር ከሞላቸው በኋላ ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይሻሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወስዱ ይመክራል። ክኒኑ ሰገራን ቢያጠቁር የሚያስደነግጥ አይደለም። ብዙ ክኒን የዋጠ ሕፃን ግን በብርቱ ስለሚመረዝ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለባሎችና ለሥራ ኃላፊዎች። የደከመችን ሴት «ሰነፍሽ» ከማለት በፊት «ተመርምረሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በማዕድ ጊዜም እናት ሁሉን አብልታ የተረፈውን የምትቀምስበት ልማድ ይቅር። የቤቱን ምድጃ የምታነደው እናት የራሷም ምድጃ ማገዶና አየር ያስፈልገዋልና።